ለድስቱ ምርጡን፣ ለዘሩ ትራፊውን፦ ጎረቤታሞችና የጓሯቸው ጎመን

በባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ በምትገኘው ሰፈራችን የጓሮ ጉዳይ የሚነሣው በቡና ሰዓት ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የአንዱ ቤት ቃሪያ መጠውለጉ፣ የሌላው ዱባ አጥር ተሻግሮ በጎረቤት ግቢ ማፍራቱ፣ የዶሮዎች ጥፋትና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ተራ በተራ ይወራል። ለቡናው ጤና አዳም ልትቆርጥ ወደ ጎረቤት የሄደች ሴት ስትመለስ ለተከላ የሚሆን ቅርንጫፍም ይዛ ትመጣለች። በማግሥቱ ደግሞ የእሷን ድንብላል የሚፈልግ ሰው በሯን ያንኳኳል።

ሰፈሩ የተለያዩ ሰዎች የሚኖሩበት ነው። መሬታቸው ወደ ከተማ የተካለለባቸው አርሶ አደሮች አሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አናጺ፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ እናቶችም አሉ። የአብዛኛው ሰው ጓሮ ከአንድ ክፍል ቤት ወለል ብዙም አይበልጥም። ያም ሆኖ ጌሾ፣ ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ የጥብስ ቅጠል፣ አንድ ሁለት እግር ቡና፣ ከተቻለም ማንጎ ወይም ፓፓያ አይጠፋበትም። ጎመን የሌለበት ጓሮ ግን የለም።

እኔም ከእነዚህ ጎረቤታሞች አንዱ ነኝ። ስለ ግብርና የምጽፍ ሰው ብሆንም ከጎረቤቶቼ የተማርኩት ከወረቀት ካነበብኩት ያንሳል ማለት አልችልም። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበውም እነዚህ ሰዎች ሳያስቡት ጎመናቸውን እንዴት እንዳበላሹትና እንዴት ሊመልሱት እየሞከሩ እንደሆነ ነው። ጉዳዩ በእኛ ሰፈር ብቻ የሚቀር ስላልመሰለኝ ለአርሶ አደሮችም ለወረዳ አመራሮችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በአጥር ላይ የሚተላለፈው

ጓሮ የግል ነው፤ ጓሮን የሚያኖረው ግን ጎረቤት ነው። ከብት ያለው ፍግ ይሰጣል፤ ከብት የሌለው የምድጃ አመድ ያዋጣል። ጉድጓድ ያለው ቤት በየካቲትና በመጋቢት ለችግኝ የሚሆን ውሃ አይነፍግም። መኮትኮቻ የተሰበረበት ሰው እስኪያሠራ ድረስ ከወዲያኛው ቤት ይዋሳል። ለሐዘን ወይም ለለቅሶ ወደ ገጠር የሄደ ቤተሰብ ካለ ጓሮውን የሚያጠጣ አይጠፋም። ይህንን ሁሉ የሚያዝ የጽሑፍ ደንብ የለም። እንደ ዕድር መዝገብ የሚይዝለት ጸሐፊም የለውም።

ከሁሉም በላይ የሚተላለፈው ዘርና ችግኝ ነው። አንዱ ቤት ያስነሣው የቃሪያ ችግኝ ሲተርፍ በአጥሩ ላይ ወደ ስድስት ቤት ይሄዳል። የእኛ ቤት ኮሰረት ከጡረተኛው መምህር ግቢ የመጣ ነው፤ የእርሳቸው ደግሞ ከእኅታቸው ቤት። የሰፈሩ ጎመን ግን ከየት እንደመጣ በትክክል የሚያውቁት የሰፈራችን ትልቅ እናት ብቻ ናቸው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው እኒህ እናት ሲዳሩ ከእናታቸው ጓሮ በጨርቅ ቋጥረው ካመጡት አንድ ስኒ የማይሞላ ዘር ነው የተነሣው። ከዚያ በኋላ ከእርሳቸው ያልወሰደ ቤት የለም።

ጎመንና ክረምቱ

ለገጠሩም ሆነ ለከተማ ዳርቻው ነዋሪ የሐበሻ ጎመን ትርጉሙ ከአንድ አትክልት ይበልጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትባቸው፣ የእህል ዋጋም የሚንርባቸው ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ከቤት ጀርባ ተቀንጥሶ ማታ ድስት ላይ የሚወጣው ጎመን ነው። ክረምቱ አልፎ ሲጠባ “የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ” የሚባለው ጎመን ስለተጠላ ሳይሆን ቤቱን ክረምቱን ሙሉ የተሸከመው እርሱ ስለነበረ ነው።

ዘሩም የራሱ ጥቅም አለው። ተቆልቶ ሲደቆስ ዘይታማ ስለሆነ እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱን የሚያስሱት በእርሱ ነው። አበባው ደግሞ ለንብ ቀለብ ይሆናል። ቅጠሉ ለልጆች ዕድገትና ለእናቶች ጤና የሚያስፈልጉ ቫይታሚኖችን፣ ካልሲየምና የብረት ማዕድን ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ የጓሮ አትክልትን የሚያበረታቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

የነሐሴው ጭቅጭቅ

ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ወሩ ነሐሴ። ጎመኑ ገና ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ተቀንጥሶ ሳለ በብዙዎቻችን ጓሮ አገዳ አውጥቶ ቢጫ አበባ ጣል ጣል ማድረግ ጀመረ። አንዴ አገዳ ካወጣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠነክራል፣ ምሬትም ያበዛል። በፊት እስከ መስከረም ያለ ስስት የምንቀነጥሰው ጎመን በክረምቱ አጋማሽ አለቀብን።

በየቡናው ላይ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። አንዱ የዝናቡን መዘግየት አነሣ። ሌላው መሬቱ ደክሟል አለ። አናጺው ጎረቤታችን ከገበያ በስኒ የተገዛ ዘር ከእኛው ጋር ተቀላቅሎ ነው ሲል አንዲት እናትን በስም ሳይጠራ ጠረጠረ፤ እርሷም ገባት፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ቡና ሲጠራ አትመጣም ነበር። በጓሮ ሰዎች መካከል የዘር ሐሜት ቀላል ነገር አይደለም።

እማማ ግን ብዙ አልተናገሩም። አንድ ጠዋት በጓሯቸው ቆመው “ልጄ፣ ይህ ጎመን እኔ ያመጣሁት አይደለም” አሉኝ። ዘሩ እኮ የእርስዎው ነው ስላቸው “ዘሩማ የእኔው ነው፤ ጎመኑ ነው የእኔ ያልሆነው” ብለው መለሱልኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ምርጡ ወደ ድስት፣ ትራፊው ወደ ዘር

የገባኝ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ስትመጣ ነው። ባለሙያዋ የመጣችው ለሌላ ሥራ፣ የጓሮ አትክልት ያላቸውን ቤቶች ለመቁጠር ነበር። እማማ እጇን ይዘው ወደ ጎመኑ ወሰዷት። ጥቂት ተመለከተችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ “ለዘር የምትተውት የትኛውን ነው?”

ለአፍታ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሁሉም በየራሱ ቤት የሚያደርገውን መናገር ጀመረ። ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ የሆነውን ጎመን ሁላችንም እንቀነጥሰዋለን፤ ደጋግመን ስለምንቀነጥሰው አንዳንዴ ዘር ሳይሰጥ ያልቃል፤ መሬቱ ለሌላ ሲፈለግም ይነቀላል። ቶሎ አገዳ ያወጣውን ግን ለምግብ ስለማይሆን “ይኸማ ለዘር ይሁን” ብለን እንተወዋለን። ዘሩም ቀድሞ ስለሚደርስ እርሱኑ ሰብስበን በጠርሙስ እንከታለን። የሚዘገየው ጎመን አበባ ሲያወጣ የእኛ የዘር ጠርሙስ ቀድሞ ሞልቷል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ግልጽ ነው። በየዓመቱ ለዘር የምንመርጠው ቶሎ የሚያብበውን ስለሆነ ልጆቹም እንደ ወላጃቸው ቶሎ ያብባሉ። አንድ ዓመት ብናደርገው ለውጡ አይታይም፤ አሥርና ሃያ ዓመት ሲደጋገም ግን ሰፈሩ በሙሉ ሳያስበው ቶሎ የሚያብብ ጎመን እያረባ ቆየ ማለት ነው። ገበሬ ጥጃ ለማስወለድ የመንደሩን ከሲታ ወይፈን አይመርጥም። በጎመን ላይ ግን ይህንኑ ስናደርግ ኖረናል።

ስለዚህ ጥፋቱ የዝናቡም፣ የገበያዋ ዘርም፣ ያቺ ቡና የቀረች ጎረቤታችንም አልነበረም። አናጺው በማግሥቱ ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። የሰፈሩ የጓሮ ሥራ በአዲስ መልክ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀይ ክር

ባለሙያዋ የነገረችን አሠራር ውድ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ጎመኑን እያዩ መቆየት፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ጣዕሙ መልካም የሆነውን፣ ክሽክሽ ያላበዛበትንና ለማበብ የሚዘገየውን መምረጥ፤ ከዚያም ምልክት አድርጎ አለመቀንጠስ ነው። ምልክቱ ቀይ ክር እንዲሆን ተስማማን። ቀይ ክር የታሰረበትን ጎመን ልጅም ሆነ እንግዳ አይነካም። ቶሎ አገዳ ያወጣውን ደግሞ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት መንቀል ነው፤ ለጋ አገዳው ተልጦና ተቀቅሎ ስለሚበላ ኪሣራ የለውም።

ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። በቀን ሥራ አራት ልጆች የምታሳድገው ጎረቤታችን በስብሰባው ላይ ፊት ለፊት ተናገረች። የእሷ ጓሮ በሙሉ ሃያ እግር ጎመን አይሞላም። ከዚያ ላይ አምስት ምርጥ እግር ተዪ ማለት በነሐሴ የልጆቿን እራት ተዪ ማለት ነው። “እናንተ ዘር ታስባላችሁ፤ እኔ ማታን አስባለሁ” አለች። ማንም መልስ አልነበረውም፤ እውነት ነበራ።

መፍትሔውን ያመጡት እማማ ናቸው። ሰፊ ጓሮ ያለው ብዙ እግር ይተው፣ ጠባብ ያለው ሁለት እግር ይበቃዋል፤ ለዘር የተወችውን ያህል ቅጠል ደግሞ ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት በየሳምንቱ ይስጣት፤ ዘሩ ሲደርስ ግን ለሁሉም እኩል ይከፈል አሉ። እንዲህም ሆነ። በኋላ እንደታየው ከሁላችንም የተሻለ የመረጠችው እሷ ነበረች። በየቀኑ እየቀነጠሰች የምትመግብ ስለሆነች የትኛው እግር በስንት ቀን ቅጠል እንደሚመልስ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚበስል በቃሏ ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ዓመት በችግር የተሞላ ነበር። በመስከረም የአንድ ጎረቤት ጥጃ አጥር ጥሶ ክር የታሰረባቸውን ስድስት እግር ጨረሰ፤ ባለቤቱ ካሣ ሲጠየቅ አጥሩን በአዲስ እንጨት ሠራ። በጥቅምት ዝናቡ ሲያቆም ክሽክሽ በአበባው ጫፍ ላይ ሰፈረ፤ የተጠቃውን ጫፍ ቆርጠን፣ የቀረውን በሳሙና ውሃ አጠብነው። ከሁሉም የከፋው ግን የእኔው ጥፋት ነው። ዘሩን ሳይደርቅ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሬ አስቀመጥኩትና በጥር ስከፍተው ሻግቶ አገኘሁት። የሁለት ቤት ድርሻም አብሮ ጠፋ። ጎረቤቶቼ አልተቆጡኝም፤ ግን እስካሁን ድረስ ዘር ሲደርቅ “ጋዜጠኛው አይንካው” ይላሉ።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ሳላጋንን ልንገራችሁ። በአብዛኛው ጓሮ ጎመኑ መስከረም እስኪጠባ ቅጠል ሰጠ። ቶሎ የሚያብቡ እግሮች አሁንም ይገኛሉ፤ እየነቀልን ነው። የብዙ ዓመት ጥፋት በሁለትና በሦስት ዓመት አይታረምም። እማማ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከመጡበት አገር የሚመስል አንድ እግር አግኝተው ለብቻው ቀይ ክር ሁለት ዙር አሰሩበት።

ለምን አንድ ቤት ብቻውን አይችልም?

አንድ ሰው በራሱ ጓሮ ይህንን ሁሉ ቢያደርግ በቂ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በቂ የማይሆንበት ሁለት ምክንያት አለ።

የመጀመሪያው ንብ ነው። የሐበሻ ጎመን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነገር ግን በንብ አማካይነት ከሌላ ጎመን ጋር የሚዳቀለውም ጥቂት አይደለም። ንብ ደግሞ አጥር አታውቅም። እኔ ምርጡን ብተው ጎረቤቴ ቶሎ የሚያብበውን ካልነቀለ የእርሱ ጎመን ወደ እኔ ዘር ይገባል። ዘር መጠበቅ እንደ እሳት መጠበቅ ነው፤ የጎረቤት ቤት እየነደደ የራስን ብቻ ማዳን አይቻልም።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። ከሁለትና ከሦስት እግር ብቻ በየዓመቱ ዘር መውሰድ የዘሩን ብዙ ዓይነትነት ያጠብበዋል። ዛሬ ድርቅ የሚችል፣ ነገ በሽታ የሚቋቋም እግር በመካከሉ እንዲገኝ ከብዙ እናቶች የተሰበሰበ ዘር ያስፈልጋል። አንድ ቤት አርባ እግር መተው አይችልም። ስምንት ቤቶች አምስት አምስት እግር ቢተዉ ግን አርባ ይሆናል። ዕቁብ ማለት ለአንዱ የሚከብደውን ለብዙዎች ማቅለል ከሆነ ይህም የዘር ዕቁብ ነው።

ከአጥራችን ባሻገር

ይህ የጓሮ ጎመን በዓለም ላይ ዋጋ የሌለው ተራ ነገር አይደለም። የሐበሻ ጎመን መገኛው የእኛው ደጋማ አገር ነው። የሰናፍጭ ዝርያ ከጥቅል ጎመን ዘመድ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለው ሳይንቲስት የጎመን ዘሮችን ዝምድና ሲያብራራ አሳይቷል። ይህንን ልዩ ዘር ለዘመናት እየዘሩ ያቆዩት ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ እናቶችና ገበሬዎች ናቸው።

ዛሬ ሌሎች አገሮች ዘሩን ለዘይቱ ሲሉ በሰፊ እርሻ ላይ ያለሙታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2012 በካናዳ ከዚሁ ጎመን ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ፣ ሌላ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት፣ ጄት አውሮፕላን በሙከራ በርሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ ከአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ ከነዳጁ 10 በመቶውን ከዚሁ ዘር ተጠቅሟል። እኛ ምጣድ የምናስስበት ዘር አውሮፕላን አንሥቷል ማለት ነው።

አገራችን የዘር ሀብቷን ለመጠበቅ ቀደም ብላ ሥራ ጀምራለች። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ሆኖ ተቋቁሟል። ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአርሶ አደሩ ማሳ ራሱ የዘር ባንክ መሆኑን በተግባር በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል። በምሥራቅ ሸዋ በእጀሬና በጨፌ ዶንሳ የተሠሩት የማኅበረሰብ የዘር ባንኮች የዚሁ አስተሳሰብ ውጤቶች ናቸው። በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር ከመጥፋት ይድናል፤ ከአየሩና ከተባዩ ጋር አብሮ የሚለወጠው ግን በየዓመቱ የሚዘራው ነው።

ሕጉም ከጎናችን ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች በልማዳቸው መሠረት ዘራቸውን የመጠቀምና እርስ በርስ የመለዋወጥ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል።

ለጓሮ አልሚዎች

ይህንን በየአካባቢያችሁ ለመሞከር የምትፈልጉ አንባቢያን ከእኛ ስሕተት ተማሩ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ምርጫው በዘር መሰብሰቢያ ወቅት ሳይሆን በክረምቱ ይጀመር። ኅዳር ላይ የቆመው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ የትኛው ዘግይቶ እንዳበበ የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ምልክት ከተደረገ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቶሎ አገዳ ያወጣው ሳያብብ ይነቀል። ይህ በአንድ ቤት ሳይሆን በሰፈሩ ሁሉ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ለዘር የተተወው እግር ከታች አንድ ሁለት ቅጠል ቢወሰድበት አይጎዳም፤ ከዚያ በላይ መቀንጠስ ግን ዘሩን ያቀጭጨዋል። ነፋስ እንዳይጥለው ድጋፍ ይደረግለት።

አራተኛ፣ የታችኛው የዘር ቅርፊት ቢጫ ሲሆንና መድረቅ ሲጀምር ዘሩ እንዳይረግፍ ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ይታጨድ። በጨርቅ ወይም በሸራ ላይ በጥላ ሥር ደርቆ ይወቃ፤ በሰፌድ ይበጠር።

አምስተኛ፣ ዘሩ በደንብ ሳይደርቅ አይታሸግ። ከደረቀ በኋላ ከተነፋ ደረቅ አመድ ጋር በቅል ወይም ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ዓመተ ምሕረቱም ይጻፍበት። ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልሎ ከሳምንት በኋላ መቁጠር ይቻላል። 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ከጎረቤት መጠየቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ አሠራር ለሁሉም አትክልት አይሆንም። ጥቅል ጎመን ለማበብ ለሳምንታት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በአብዛኛው አካባቢያችን ዘር አይሰጥም፤ ዘሩን መግዛት ግድ ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ ዱባና ቃሪያ ግን በእጃችን ያሉ ዘሮች ናቸው። በእጅ ያለን ነገር አበላሽቶ ከገበያ መፈለግ ያሳፍራል።

ለወረዳና ለቀበሌ አመራሮች

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የቤተሰብን ማዕድ በራስ ግቢ ምርት መሙላት የአመራሩ የዕለት ተዕለት አጀንዳ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በጓሮ ላይ የሚወጣው ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው የተሠራጨ ችግኝና የታቀፈ ቤት ነው። የቀበሌያችን ባለሙያ እኛ ስለ ዘሩ የሠራነውን በሪፖርቷ የምታሰፍርበት ቦታ አልነበራትም። ያልተቆጠረ ሥራ ደግሞ አይታገዝም፤ ባለሙያውም በሚቀጥለው ዓመት ጊዜ አይመደብለትም።

ስለዚህ ከአንድ የጓሮ አልሚ ጥቂት ሐሳብ ቢወሰድ። በጓሮ ልማት ሪፖርት ላይ የራሳቸውን ዘር መርጠው የሚያቆዩ ሰፈሮችና ጎጦች ብዛት ይካተት። የግብርና ባለሙያው ጉብኝት ጎመን ከተዘራ በኋላ በሐምሌና በነሐሴም ይኑር፤ ምርጫው የሚካሄደው ያን ጊዜ ነውና። ሥልጠና ሲዘጋጅ የቤቱ አባወራ ብቻ ሳይሆን ጓሮውን በየቀኑ የምትረግጠው እመቤት ትጠራ። በሰፈራችን ስለ ጎመን የምታውቀው ለስብሰባ ተጠርታ የማታውቀው ያቺ የቀን ሠራተኛ እናት ነበረች።

በተጨማሪም አንድ ቀበሌ ሌላ ቦታ የመጣ የጎመን ዘር ከማሠራጨቱ በፊት በአካባቢው ምን ዓይነት ዘር እንዳለ ይጠይቅ። አዲስ ዘር መምጣቱ ክፉ አይደለም፤ ነባሩን ሳያዩ መተካቱ ግን ኪሣራ ነው። ይህ ሁሉ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው በቡና ሰዓት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ “ለዘር የምትተውት የትኛውን ነው?” ብሎ መጠየቅን ነው።

ዘንድሮስ?

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ እማማ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። የዓመቱ ዘር ከምድጃው በላይ በተሰቀለ ቅል ውስጥ ነው። አፉን ከፍተው ጥቂት መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። በመጀመሪያ በጨርቅ ቋጥረው ሲመጡ ይህን ያህል እንኳ እንዳልነበረ ነገሩኝ። ከዚያ ፈገግ ብለው መልሰው ከእጄ ተቀበሉኝ፤ የእኔን እጅ ገና አላመኑትም።

ሰኔ ግም ሲል ያ ዘር በየቤቱ ይከፈላል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በአጥሮች ላይ ችግኝ ይተላለፋል፤ በሐምሌ የመጀመሪያው ቅጠል ይቀነጠሳል፤ በነሐሴ ቀይ ክሮች ይታሰራሉ። እርስዎም በጓሮዎ ዘንድሮ ከጎመኑ ሁሉ ቆንጆ የሆነውን አንድ እግር ይምረጡና ክር ይሰሩበት። ማታ ድስቱ ላይ ሳይወጣ መቅረቱ ይቆጭዎት ይሆናል፤ ለከርሞው ክረምት ግን የልጅ ልጆችዎ የሚቀነጥሱት እርሱን ነው።